የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ሙኒክ ነኝ» የሚለው ልጅ አድራሻው ለምን ሌላ ሆነ?

ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚደርሱን ደብዳቤዎች ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ መልክ ይዘዋል። ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም ለሥልጠና ወይም ለሥራ ጀርመን ገብቷል፤ የሚኖረው ግን ከትልቅ ከተማ ጥግ በተለጠፈች፣ ስሟን እዚህ ማንም ሰምቶት በማያውቅ ትንሽ ቦታ ነው። ግራ መጋባቱ ከዚያ ይጀምራል። አብዛኛው ጥያቄ የሙኒክን ዙሪያ ስለሚመለከት መልሶቻችንን በባየርን ክልል አሠራር ላይ መሥርተናል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ «ሙኒክ ነኝ» ይለናል። ሰሞኑን በርበሬና ሽሮ ልንልክለት አድራሻ ብንጠይቀው «82008 ኡንተርሃኺንግ» ብሎ ጻፈልን። እናቴ «ልጄ የሚደብቀኝ ነገር አለ» ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ይህ የሙኒክ ቀበሌ ነው ወይስ ሌላ ከተማ? — ሰ.መ.፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እናትዎን ያረጋጉልን፤ አልዋሸም። ሐርቡ የሚኖር ሰው አዲስ አበባ ላለ ዘመዱ «ኮምቦልቻ ነኝ» እንደሚለው ማለት ነው። ኡንተርሃኺንግ ከሙኒክ በስተደቡብ ናት፤ ኤስ 3 በሚባለው የከተማ ባቡር ወደ መሃል ሙኒክ 20 ደቂቃ ያህል ቢያስኬድ ነው። የቤቱ ረድፍ ሳይቋረጥ ስለሚቀጥል ድንበሩን በዓይን መለየትም ያስቸግራል።

የሙኒክ ቀበሌ ግን አይደለችም። በጀርመንኛ «ገማይንደ» የምትባል፣ የራሷ ከንቲባ፣ የራሷ ምክር ቤትና የራሷ በጀት ያላት ማዘጋጃ ናት። ገማይንደን «ቀበሌ» ብሎ መተርጎም ያሳስታል። ራሷን የማስተዳደር መብቷ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ሰፍሯል፤ በክልሏ ውስጥ የት ቤት እንደሚሠራ፣ የት ፋብሪካ እንደሚቆም የምትወስነው እሷ ናት፤ የአንዳንድ ግብሮችን መጠንም ትወስናለች። ኡንተርሃኺንግ ወደ 25,000 ሕዝብ ይዛ «ከተማ» አልተባለችም፤ ከእሷ በብዙ የሚያንሱ፣ ግን ከተማ የሚባሉ ቦታዎች አሉ። በጀርመን «ከተማ» የሚለው በታሪክ የተወረሰ ወይም ክልሉ የሚሰጠው ማዕረግ እንጂ የሕዝብ ብዛት መለኪያ አይደለም።

አድራሻ ለመለየት አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ የፖስታ ቁጥሩን ማየት። የሙኒክ ከተማ ቁጥሮች በ80 ወይም በ81 ይጀምራሉ። በ82 ወይም በ85 ከጀመረ ሰውየው የሚኖረው ከከተማው ውጭ ነው። ዕቃ ስትልኩ ከቁጥሩ ጎን «ሙኒክ» ብላችሁ አትጻፉ፤ በሙኒክም በኡንተርሃኺንግም አንድ ዓይነት የመንገድ ስም ሊኖር ስለሚችል ጥቅሉ ሲንከራተት ይከርማል።

ቤት ውስጥ የኳስ ወዳጅ ካለ ደግሞ ይህን ይንገሩት፦ በ2000 ዓ.ም. የባየር ሌቨርኩዘንን ዋንጫ ያስነጠቀችው ይህችው መንደር ናት። ሌቨርኩዘን በመጨረሻው ጨዋታ አቻ መውጣት ብቻ ይበቃው ነበር። ኡንተርሃኺንግ ሜዳ ላይ ሚካኤል ባላክ በራሱ ጎል አስቆጠረ፣ 2 ለ 0 ተሸነፉ፣ ዋንጫው ወደ ጎረቤት፣ ወደ ባየርን ሙኒክ ሄደ። ቤት የሚያሞቁበትም ነገር ለየት ይላል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚጠልቅ ጉድጓድ 122 ዲግሪ የሚሆን ፍል ውኃ ስበው ሙቀቱን በቧንቧ ለየቤቱ ያከፋፍላሉ።

ጥያቄ፦ በነርስነት ለመሠልጠን ቪዛ ወጥቶልኛል። ማረፊያዬ ሙኒክ አጠገብ ካሉት ትንንሽ ቦታዎች በአንዱ ነው። ሙኒክ የምትኖር ጓደኛዬ «እንደደረስሽ ሩፐርት መንገድ ወዳለው የውጭ ዜጎች ቢሮ ሂጂ» ትለኛለች። ልክ ነች? — ት.አ.፣ ከደሴ (ሆጤ)

መልስ፦ እህታችን፣ ለእሷ ልክ ነው፤ ላንቺ ግን አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርገን እንነግርሻለን።

ሙኒክን በአብዛኛው ዙሪያዋ የከበቡ 29 ማዘጋጃዎች በአንድ ላይ «ላንድክራይስ ሙኒክ» ይባላሉ፤ እንደኛ ወረዳ ልትይው ትችያለሽ። ስሙ ሙኒክ ይበል እንጂ የሙኒክ ከተማ በውስጡ የለችም። ይባስ ብሎ የወረዳው ጽሕፈት ቤት «ላንድራትስአምት» የሚገኘው ሙኒክ ከተማ ውስጥ፣ ማሪያሂልፍ አደባባይ ላይ ነው። ሙኒክ ከተማ ውስጥ የተቀመጠ፣ የሙኒክን ነዋሪ ግን የማያስተናግድ ቢሮ! ሩፐርት መንገድ ያለው ደግሞ የከተማው ነው፤ አንቺን አያስተናግድሽም። ግማሽ ቀን ተሰልፈሽ «አድራሻሽ የኛ አይደለም» ተብለሽ ትመለሻለሽ። የነዋሪነት ምዝገባ በምትኖሪበት ማዘጋጃ፣ የመኖሪያ ፈቃድና መንጃ ፈቃድ በላንድራትስአምት እንደሆነ ከያዝሽ አትሳሳቺም።

መጀመሪያ የሚመጣው ምዝገባው ነው። ቤቱ ከገባሽበት ቀን አንሥቶ 2 ሳምንት አለሽ። የሚቆጠረው አውሮፕላን ካረፈበት ቀን ሳይሆን ቤት ከገባሽበት ነው፤ ሳትገቢ ቀድመሽ መመዝገብም አትችይም። ጊዜውን ማሳለፍ እስከ 1,000 ዩሮ ሊያስቀጣ ይችላል። ይዘሽ የምትሄጂው ፓስፖርትሽንና አከራዩ ወይም የማረፊያው ኃላፊ የፈረመበትን የመግቢያ ማረጋገጫ ነው። የዚህን ወረቀት ስም አፍሽን እያሰርሽም ቢሆን ተለማመጂው፦ «ቮኑንግስጌበርበሽቴቲጉንግ»። የኪራይ ውል አይተካውም። ውል ይዘው ሄደው የሚመለሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ማረጋገጫው ላይ የአከራዩ ስምና አድራሻ፣ የቤቱ አድራሻ፣ የገባሽበት ቀን፣ ቤቱ የሚገቡት ሰዎች ሁሉ ስምና የአከራዩ ፊርማ መኖሩን ከአከራዩ ፊት ሳትነሺ አረጋግጪ።

ቀጠሮሽ «8:00» ከተባለ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ «14:00» ደግሞ ከቀኑ ስምንት። ስልክሽ ላይ ስትመዘግቢ በኛ ሰዓት አትቀይሪው፤ እንዳለ ጻፊው።

ስም ላይ ጊዜ ውሰጂ። ጀርመኖች «የቤተሰብ ስም» የሚሉት ፓስፖርትሽ በዚያ ሣጥን ውስጥ የጻፈውን ነው፤ የአባትሽ ይሁን የአያትሽ ግድ የላቸውም። በሠራተኛ ውሉ፣ በትምህርት ማስረጃውና በፓስፖርቱ ላይ ስምሽ በላቲን ፊደል አንዱ ጋ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው ጋ በሁለት ከተጻፈ ለእነሱ ሁለት ሰው ነሽ። ሁሉንም በፓስፖርቱ አስተካክለሽ ሂጂ። የልደት ቀንም እንደዚሁ፤ በኛ ዘመን የተጻፈ የልደት ማስረጃ ሲተረጎም ቀኑና ወሩ ሳይለወጥ ዓመቱ ላይ ብቻ ሰባት ወይም ስምንት የሚደምር ተርጓሚ አለ። ቀኑ ከፓስፖርቱ ጋር ካልገጠመ ኋላ ማረሙ ወራት ይፈጃል። ምዝገባው እንዳለቀ የሚሰጡሽን የምስክር ወረቀት ከመስኮቱ ሳትርቂ ፊደል በፊደል አንብቢው።

ከዚያ ወደ ማረፊያሽ ተመልሰሽ የቤተሰብ ስም የተባለውን ስም በፖስታ ሣጥኑና በበር ደወሉ ላይ ለጥፊ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሌላው ሁሉ በፖስታ ነው የሚመጣው። ፖስተኛው ስሙን ካላገኘ ደብዳቤውን ይዞት ይመለሳል። ባለ 11 አሃዝ የግብር መለያ ቁጥርሽ የሚደርስሽ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በዚሁ መንገድ ነው። አሠሪሽ ቁጥሩን ካላገኘ በከፍተኛው፣ በ6ኛው የግብር መደብ ሊቆርጥብሽ ይችላል፤ ገንዘቡ ኋላ ይመለሳል፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ግን ኪስሽን ያሳሳዋል። የራዲዮና ቴሌቪዥን መዋጮ የሚጠይቅ ደብዳቤም ይመጣል፦ በወር 18.36 ዩሮ። ማጭበርበሪያ ነው ብለሽ አትጣይው። የሚከፈለው በቤት እንጂ በሰው አይደለም፤ ከሌሎች ጋር አንድ ቤት ከተጋራሽና አንዷ እየከፈለች ከሆነ የእሷን የክፍያ ቁጥር ጽፈሽ መመለስ ይበቃል።

የመኖሪያ ፈቃዱን ቪዛሽ ሳያልቅ ለላንድራትስአምቱ አመልክቺ፤ ሁለት ወር ቀደም ብትይ ይሻላል። ቪዛው ሳያልቅ ካመለከትሽና መልሱ ከዘገየ «ፊክቲዮንስበሻይኒጉንግ» የሚባል ጊዜያዊ ወረቀት ጠይቂ፤ መብትሽ እንደቀጠለ የሚመሰክርልሽ እሱ ነው። ካለፈ በኋላ ማመልከት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ወደ ሌላ ማዘጋጃ ወይም ወደ ሙኒክ ራሱ ቤት ከቀየርሽ ምዝገባው በአዲሱ ቦታ እንደገና ይጀመራል፤ ከላንድክራይሱ ከወጣሽ የመኖሪያ ፈቃድ ፋይልሽም ወደ አዲሱ ቦታ ቢሮ ይዛወራል። በሂደት ላይ ያለ ማመልከቻ ካለሽ የቤት ለውጡን ብታዘገዪው እንመክራለን።

ጥያቄ፦ የምዝገባ ቅጹ ላይ ሃይማኖት ይጠይቃል ይባላል። ለምን? ብንተወውስ? — ስሜ ይቆይ፣ ከደሴ

መልስ፦ ለቤተ ክርስቲያን ግብር ነው። የካቶሊክና የወንጌላዊት (ፕሮቴስታንት) ቤተ ክርስቲያን አባል ከደመወዙ የገቢ ግብር ላይ በባየርን 8 በመቶ፣ በአብዛኞቹ ሌሎች ክልሎች 9 በመቶ ተጨማሪ ይቆረጥበታል። 8 በመቶው ከደመወዙ ሳይሆን ከግብሩ ነው፤ 200 ዩሮ ግብር ከተቆረጠበት ሰው ላይ 16 ዩሮ ማለት ነው። ሙስሊም ይህ አይመለከተውም። ኦርቶዶክስ የሆነ ሰው «ክርስቲያን» ብሎ ብቻ ከተናገረ ጸሐፊዋ በግምት ካቶሊክ ብላ ልትመዘግበው ትችላለችና «የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ» ብሎ በሙሉ ይናገር። ካቶሊክ የሆነ ግን ካቶሊክ ነው፤ ግብሩን ለማምለጥ የሐሰት ቃል መስጠትን አንመክርም። በስሕተት ከተመዘገባችሁ ከመጀመሪያው የደመወዝ ወረቀት ታውቁታላችሁ፤ ቶሎ ብላችሁ ማዘጋጃው ዘንድ አሳርሙት።

ጥያቄ፦ ልጄ «እማ፣ ቡና ስቆላ ቤቱ ይጮህብኛል፤ ጎረቤት ግልብጥ ብሎ ወጣ» አለችኝ። ቡና ሳትጠጣ ልትኖር ነው? ዕጣኑስ? — ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ

መልስ፦ እናታችን፣ ቡናውም አይቀርም፣ ዕጣኑም አይቀርም፤ ቦታውና አካሄዱ ነው የሚለወጠው።

የሚጮኸው ጣራው ላይ የተለጠፈ፣ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ነጭ ክብ ዕቃ ነው፤ የጢስ ጠቋሚ። በባየርን ከ2018 ጀምሮ አሮጌ ቤት አዲስ ቤት ሳይባል ግዴታ ነው። የሚደረገው በመኝታ ክፍል፣ በልጆች ክፍልና ወደ ክፍሎቹ በሚወስደው ኮሪደር ነው። ወጥ ቤት ግዴታ አይደለም። ውስጡ ትንሽ ብርሃን ትበራለች፤ ጢስ ሲገባ ብርሃኗ ተበትና መመልከቻው ላይ ታርፋለች፣ ያን ጊዜ ይጮኻል። የቤት ቃጠሎ ይሁን የቡና ጢስ አይለይም።

ስለዚህ መቁላቱ በወጥ ቤት፣ የኮሪደሩ በር ተዘግቶ፣ መስኮቱ ገርበብ ሳይሆን ወለል ብሎ ተከፍቶ ይሁን። ከምድጃው በላይ ያለው የጢስ መሳቢያ ብቻውን አይታመንም። በብዙ የኪራይ ቤት መሳቢያው አየሩን በከሰል ማጣሪያ አሳልፎ መልሶ እዚያው ክፍል ይለቀዋል፤ ወደ ውጭ የሚወጣ ቱቦ ከሌለው ጢሱ ቤት ውስጥ ነው የቀረው።

ልክም አለው። ሙሉ ምጣድ አይቆላ። ለሦስት ሰው 50 ግራም፣ አንድ ጭብጥ ያህል ይበቃል። የእነሱ ምድጃ የመስታወት ገጽ ያለው የኤሌክትሪክ ነው፤ ዘጠኝ ደረጃ ካለው ስድስት ላይ ይሁን። ከጠፋ በኋላም ለደቂቃዎች ይግላል። እዚህ የለመደች ልጅ እሳቱን አጥፍታ ምጣዱን እዚያው ትተወዋለች፤ ቡናው ማረር ጀምሮ ከሰል ይሆናል፣ ትልቁም ጢስ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ማጥፋት ሳይሆን ማንሣት ነው።

ቤቱን የሚያስጮኸው ግን ብዙ ጊዜ መቁላቱ አይደለም። ቡናው ሲደርስ እንግዳ ጢሱን እንዲያሸት ምጣዱ ከነጢሱ ይዞራል አይደል? ወጥ ቤት ተቆልቶ በኮሪደሩ ወደ ሳሎን ሲወሰድ በቀጥታ በጠቋሚው ሥር ያልፋል። ቡናውን ወጥ ቤት እያለ ቀዝቃዛ ሰፊ ሳህን ላይ ገልብጣ፣ ጢሱ ሲቆም ሳህኑን ታዙር፤ መዓዛው አይጠፋም። ወይም እንግዶቹ እግራቸውን አንሥተው ወጥ ቤት ይምጡ።

ዕጣን ላይ ኮስተር እንላለን። የጀርመን መስኮት ሲዘጋ አየር አያስገባም። ከሰል ቤት ውስጥ ማቀጣጠል ሽታና ቀለም የሌለው መርዝ ጋዝ ያጠራቅማል፤ ጢስ ጠቋሚው ደግሞ ይህን ጋዝ አያውቀውም፣ አይጮኽም። ከሰል ይቅር። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የዕጣን ማጨሻ አለ፤ ሁለት ሦስት ፍሬ ጣል አድርጋ መስኮቱን ትክፈት።

ከጮኸ መሃሉን ተጭና ትያዝ፤ ብዙዎቹ ለ10 ደቂቃ ያህል ዝም ይላሉ። የደረጃውን በር ሳይሆን መስኮቱን ትክፈት፤ ጢሱ ወደ ደረጃው ከወጣ ሕንፃው በሙሉ ይረበሻል። በፌስታል መሸፈን፣ ባትሪ ማውጣት ክልክል ነው። በትንሽ ማዘጋጃ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሚባሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ በ112 ሲጠሩ አናጢው መጋዙን፣ ዳቦ ጋጋሪው ሊጡን ትተው ነው የሚሮጡት። በቅን ልቦና የተደረገ ጥሪ በአብዛኛው አያስከፍልም፤ ሆን ተብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት የተፈጠረውን ግን ማዘጋጃው ሊያስከፍል ይችላል።

ሙቀጫውም ነገር አለው። ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ዝምታ ነው። በቀኑም ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ ታድርግበት፤ ወለሉ ድምፁን ለታችኛው ጎረቤት ያደርሰዋል።

ጥያቄ፦ ጀርመን ካለ የአጎቴ ልጅ ጋር የቡና አስመጪ ድርጅት ልንከፍት ነው። «ሙኒክ ሳይሆን ግሩንቫልድ እናስመዝግብ፣ ግብሩ ግማሽ ነው» ይላል። እውነት ነው? — ነጋዴ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ግማሽ እውነት ነው። ግሩንቫልድ ከሙኒክ በስተደቡብ፣ ኢዛር ወንዝ ዳር ያለች፣ 11,000 ያህል ሰው የሚኖርባት ሀብታም ማዘጋጃ ናት። የንግድ ሥራ ግብር የሚሰላው ትርፉን በ3.5 በመቶ፣ ከዚያ ማዘጋጃው ባወጣው ማባዣ በማባዛት ነው። የሙኒክ ማባዣ 490 በመቶ፣ የግሩንቫልድ 240 በመቶ ነው። የአክሲዮን ወይም ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር 100,000 ዩሮ ቢያተርፍ መነሻው 3,500 ዩሮ ይሆናል፤ ሙኒክ 17,150፣ ግሩንቫልድ 8,400 ትጠይቀዋለች። ልዩነቱ 8,750 ዩሮ ነው። ከዚህ ሌላ ያለው የ15 በመቶ የድርጅት ግብር ግን የትም ቢሄዱ ያው ነው።

በግል ስም ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል፤ የአጎትዎ ልጅ ይህን ሳይነግርዎት ቀርቷል። የግል ነጋዴ የመጀመሪያዎቹ 24,500 ዩሮ ነፃ ናቸው። 60,000 ቢያተርፍ የሚሰላው በ35,500 ላይ ነው፤ መነሻው 1,242.50። ሙኒክ 6,088፣ ግሩንቫልድ 2,982 ዩሮ ይመጣል። ሆኖም ነጋዴው የከፈለውን የንግድ ግብር፣ እስከ መነሻው አራት እጥፍ ድረስ፣ ከገቢ ግብሩ ላይ ያቀናንሳል፤ እዚህ ላይ እስከ 4,970 ዩሮ ማለት ነው። የገቢ ግብሩ ያን ያህል እስካለ ድረስ በሙኒክ ከኪሱ የሚቀረው 1,118 ዩሮ፣ በግሩንቫልድ ምንም ነው። ስለዚህ እውነተኛው ቁጠባ ወደ 3,100 ሳይሆን 1,118 ዩሮ በዓመት ነው። ግሩንቫልድ ውስጥ የአንድ ቢሮ ኪራይ ልዩነት ይህን በወራት ይውጠዋል።

በሩ ላይ ሰሌዳ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ አድራሻ ማስመዝገብን ደግሞ ከልባችን እንቃወማለን። ግብሩ የሚከፈለው ሥራው በተጨባጭ በሚመራበት ቦታ ነው። የግብር ቢሮው ጠረጴዛ አለ ወይ፣ ማን ይቀመጥበታል፣ ኮንትራቱ የት ተፈረመ ብሎ ይጠይቃል፤ ባዶ ከሆነ በሙኒክ ዋጋ ወደ ኋላ ተመልሶ ያስከፍላል፣ ጉዳዩም ወደ ወንጀል ሊሄድ ይችላል። ሁለት ቦታ ሠራተኛ ካላችሁ ግብሩ በየቦታው በሚከፈለው ደመወዝ ልክ ይከፋፈላል። ማባዣው ከ200 በታች እንዳይወርድ ከ2004 ጀምሮ በሕግ ተወስኗል፤ በ2025 የተመሠረተው ጥምር መንግሥትም ወለሉን ወደ 280 ለማሳደግ በስምምነቱ አስፍሯል። ስለዚህ በዛሬው ማባዣ ላይ ተደግፎ የአምስት ዓመት ኪራይ መፈረም አይበጅም።

ስለ ማዘጋጃው ስታስቡ የረሳችሁትን ደግሞ እንንገራችሁ። ቡናው ጥሬ ከገባ የቡና ቀረጥ የለበትም፤ ተቆልቶ ከገባ በኪሎ 2.19 ዩሮ ለፌዴራል መንግሥቱ ይከፈላል። እዚያ የሚቆላ ሰው ግን ቀረጡን እሱ ይከፍላል። ይህ ከማባዣው በላይ ሒሳባችሁን ይለውጠዋል።

ጥያቄ፦ ማዘጋጃ ቤት ነው የምሠራው። 3,000 ሰው ያለበት ቦታ ከንቲባና ምክር ቤት ይዞ ውኃውን፣ ፍሳሹን፣ ትምህርት ቤቱን እንዴት ይችለዋል? — መሐንዲስ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ብቻውን አይችለውም፤ ይጋራል። ገቢው በዋናነት ከንግድ ግብር፣ ከመሬትና ቤት ግብር፣ እንዲሁም ነዋሪዎች ከሚከፍሉት የገቢ ግብር ለማዘጋጃዎች ከሚመለሰው 15 በመቶ ነው። ለዚህ ነው ማዘጋጃው ነዋሪው እዚያው እንዲመዘገብ የሚፈልገው።

መጋራቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የጽሕፈት ቤት መጋራት ነው፦ ሁለት ሦስት ማዘጋጃ አንድ ቢሮ፣ አንድ ሒሳብ ክፍል፣ አንድ የምዝገባ መስኮት ይኖራቸዋል። ከንቲባው፣ ምክር ቤቱና በጀቱ ግን የየራሳቸው ነው። በባየርን እስከ 2,500 ሰው ያለው ቦታ ከንቲባ እንደ ደንቡ በክብር የሚያገለግል፣ ቀን ሌላ ሥራ ያለው ሰው ነው። የምክር ቤቱ ቁጥር በሕዝቡ ልክ ነው፤ ከ2,000 በላይ እስከ 3,000 ሕዝብ 14 አባል፣ እንደ ኡንተርሃኺንግ ያለው 30 አባል።

ሁለተኛው «ትስቬክፈርባንድ» የሚባል ለአንድ ሥራ የተቋቋመ ማኅበር ነው። ውኃ ብቻ፣ ወይም ፍሳሽ ብቻ፣ ወይም አንድ ትምህርት ቤት ብቻ። የራሱ መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ አባል ማዘጋጃዎች ተወካይ ይልካሉ። ጠቡ የሚነሣው በወጪ ክፍፍሉ ላይ ነው። በሕዝብ ቁጥር ቢከፈል ብዙ ውኃ የሚጠጣ ፋብሪካ ያለበት ማዘጋጃ ይጠቀማል፤ በቆጣሪ ቢከፈል በቁጠባ የሚኖረው ጥቂት ይከፍላል፣ ቧንቧው ግን ለእሱም ያንኑ ያህል ርዝመት ተዘርግቶለታል። የሚሻለው ቋሚውን ወጪ እያንዳንዱ በያዘው የአቅም ድርሻ ልክ፣ ተለዋዋጩን በቆጣሪ መክፈል ነው ብለን እናምናለን፤ የማስፋፊያ ወጪ ማን ይሸፍን የሚለውም ከመጀመሪያው ካልተጻፈ አንዱ ሲያድግ ሌላው «እኔ ምን አገባኝ» ይላል። አንድ አውሮፕላን ማረፊያ የሚጋሩት ደሴና ኮምቦልቻ ቆሻሻን ወይም ውኃን በጋራ ለመያዝ ቢነጋገሩ መጀመሪያ የሚያከራክራቸው ይኸው የክፍያ ቀመር ይሆናል።

ከንቲባው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የነዋሪ ስብሰባ የመጥራት ግዴታ አለበት። የውጭ ዜጋም ነዋሪ ከሆነ መናገር ይችላል። በማዘጋጃው ምርጫ ድምፅ መስጠት ግን ከውጭ ዜጎች ለአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የእህቴ መሥሪያ ቤት ኦገስት አጋማሽ ላይ ዝግ ነበር፣ የሌላ አውራጃ ጓደኛዋ ግን ስትሠራ ውላለች። አንድ አገር አይደለም? — ከ.ዩ.፣ ከደሴ

መልስ፦ በዓሉ የማርያም ዕርገት፣ ኦገስት 15 ነው። በባየርን የሚዘጋው ከፕሮቴስታንት ይልቅ ካቶሊክ በሚበዛባቸው ማዘጋጃዎች ብቻ ነው፤ ሙኒክ አንዷ ናት። ከዚህም የሚገርመው አውግስቡርግ ነው፦ ኦገስት 8 የሰላም በዓል በከተማው ወሰን ውስጥ ብቻ ዝግ ነው፤ አጥር ለአጥር ያለው ጎረቤት ማዘጋጃ ሥራ ላይ ነው። የሚቆጠረው የሥራ ቦታው እንጂ የመኖሪያው አድራሻ አይደለም።

ጥያቄ፦ ደሴ–ኮምቦልቻ ሚኒባስ ስነዳ ዓመታት አልፈውኛል፤ የሐረጎን ቁልቁለት ዓይኔን ጨፍኜ እወርደዋለሁ። ባለቤቴ ጀርመን ወስዳኛለች። በኛ መንጃ ፈቃድ መሥራት እችላለሁ? — ሹፌር፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወንድማችን፣ በኛ መንጃ ፈቃድ፣ ትርጉሙን ይዘው፣ መኖሪያዎን ካቋቋሙበት ቀን ጀምሮ 6 ወር መንዳት ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ለጀርመን መንገድ የለም ማለት ነው፤ ይዞ መንዳትም ያለ መንጃ ፈቃድ እንደመንዳት ይቆጠራል። የኢትዮጵያ ፈቃድ ያለ ፈተና ከሚቀየሩት አገሮች ዝርዝር ውስጥ አይደለም፤ የጽሑፉንም የመንዳቱንም ፈተና ይወስዳሉ። የግዴታ ትምህርት ሰዓት ግን አይጠየቁም።

ማመልከቻው ለላንድራትስአምት የመንጃ ፈቃድ ክፍል ነው። የዓይን ምርመራ፣ ፎቶ፣ የተተረጎመ መንጃ ፈቃድና የመጀመሪያ ዕርዳታ ኮርስ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ኮርሱ ባለ 45 ደቂቃ 9 ክፍለ ጊዜ፣ አንድ ቀን ነው። የጽሑፍ ፈተናው በአማርኛ የለም፤ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ግን አለ። በመንዳቱ ፈተና መኪናው የመንጃ ትምህርት ቤት፣ አጠገብዎ የሚቀመጠውም አስተማሪው ነው፤ ስለዚህ የትምህርት ቤት ውል ያስፈልጋል።

ልምድ ያለውን ሹፌር የሚጥለው መሪው አይደለም። ምልክት በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ከቀኝ ለሚመጣ አለማሳለፍ፣ በቀኝ ሲታጠፉ በትከሻ በኩል ዞሮ ብስክሌት አለማየት፣ ሰው በሚኖርበት ሠፈር 30 የሚል ሰሌዳ አልፎ በ40 መሄድ ነው። ፈታኙ አንገትዎ ሲዞር ማየት ይፈልጋል፤ በመስታወት ብቻ ማየት አይበቃም። ለዚህ ሲባል ግዴታ ባይሆንም አምስት ስድስት ሰዓት ከአስተማሪ ጋር መውሰድ የወደቀ ፈተና ከመክፈል ይረክሳል።

«ቤ» በሚባለው ደረጃ ከሹፌሩ ሌላ እስከ 8 ሰው ብቻ ነው የሚጫነው። እዚህ የሚነዱት ዓይነት ባለ 12 መቀመጫ ሚኒባስ እዚያ «ዴ 1» የሚባል ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። በትንሽ መኪና ሰው በክፍያ ለመጫንም የተለየ የመንገደኛ ማጓጓዣ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱንም የሚሰጠው ያው ላንድራትስአምት ነው።